የንብ ውጤቶችና የካንሰር መድኃኒት በዘር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት




የካንሰር መድኃኒት ታሪክ የሚጀምረው ከመርዝ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሩን ከፈጀው የሰናፍጭ ጋዝ ጋር የሚዛመደው ናይትሮጅን መስታርድ እ.ኤ.አ. በ1942 በየል ዩኒቨርሲቲ ለካንሰር ሕመምተኛ ተሰጠ። በዚያው ዘመን ሻርሎት አወርባክ የተባሉት ተመራማሪ በኤዲንብራ የሰናፍጭ ጋዝ በዝንብ ዘር ላይ ለውጥ እንደሚያስከትል ደረሱበት። ፈውሱና ጉዳቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ሳይክሎፎስፋማይድም ሆነ ሲስፕላቲን ካንሰሩን የሚገድለው ዲ.ኤን.ኤ.ውን በመጉዳት ነው፤ ነገር ግን ጤነኛውን ሴል ከታመመው አጥርቶ አይለይም። ስለዚህ ከካንሰር የዳነ ሰው ከ5 እስከ 7 ዓመት ያህል ቆይቶ በሉኪሚያ ሊያዝ ይችላል፤ ሳይክሎፎስፋማይድን የመሰሉ መድኃኒቶች በሚያስከትሉት ሉኪሚያ 5ኛው ወይም 7ኛው ክሮሞዞም በሙሉ ወይም በከፊል ጎድሎ መገኘቱ የታወቀ ነው።

ተመራማሪዎች ወደ ቀፎው የተመለከቱት ይህን ጉዳት ለመቀነስ ነው። ንብ ከዛፍ ሙጫ የምትሠራው ፕሮፖሊስ ፍላቮኖይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ይዟል፤ እነዚህም ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚያጠቁትን ኦክሲጅን ወለድ ቅንጣቶች ያከሽፋሉ። መለኪያው ቀላል ነው። በአይጥ መቅኔ ውስጥ ቀይ የደም ሴል ኑክሊየሱን ሲያስወጣ፣ የተሰበረ የክሮሞዞም ቁራጭ ካለ ትንሽ ኑክሊየስ ሆኖ ይቀራል፤ በማይክሮስኮፕም ይቆጠራል። ፕሮፖሊስ፣ ማር ወይም የንግሥቲቱ ምግብ ከመድኃኒቱ ጋር በተሰጣቸው አይጦች ላይ ይህ ቁጥር ቀንሶ የታየባቸው ሙከራዎች አሉ።

ይሁን እንጂ ዋናው ጥያቄ ገና አልተነካም። እንዲህ ካሉት ሙከራዎች ብዙዎቹ የተካሄዱት ካንሰር በሌለባቸው እንስሳት ላይ ነው። ጤነኛውን ሴል የጠበቀ ነገር ካንሰሩንም ቢጠብቅስ? አሚፎስቲን የተባለው መድኃኒት ተቀባይነት ያገኘው በአብዛኛው በጤነኛው አካል ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጥበት ምክንያት ስለታወቀ ነው። ስለ ፕሮፖሊስ በሰው ላይ እንዲህ ያለ ማስረጃ አልቀረበም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከማሌዢያ የወጣው ጥናት በ40 የጨረር ታካሚዎች ላይ ማር የአፍ ቁስልን እንደሚያቀል አሳይቷል፤ ያ ግን የቁስል ጉዳይ ነው፣ የዘር አይደለም። ሁለቱን ማደባለቅ ለገበያተኛ ይመቻል እንጂ ለሐኪም አይገባም።

ደግሞም ፕሮፖሊስ አንድ ነገር አይደለም። በአውሮፓ በአብዛኛው ከፖፕላር ዛፍ ይገኛል፤ የብራዚሉ አረንጓዴ ፕሮፖሊስ ከሌላ ተክል ነው፤ የኢትዮጵያ ንብም የአገሯን ዕፅዋት ትቀስማለች። ከዚያ የተገኘውን መጠን ወደዚህ ማዛወር አይቻልም።

በኢትዮጵያ ማር ምግብም መድኃኒትም ሆኖ የኖረ በመሆኑ ሕመምተኛው ሐኪሙን ሳያማክር መውሰዱ አይቀርም። ሐኪሙ ሳይቆጣና ሳይንቅ፣ ምን ያህልና ከመድኃኒቱ በፊት ወይስ በኋላ እንደሚወስድ ጠይቆ መልሱን ከታዘዙት መድኃኒቶች ጎን በመዝገቡ ላይ ያስፍር።