የማሳ ገቢና ወጪ፦ የናይትሮጂን ሒሳብ በእህል እርሻ
(ለእርዳታና ለሠፈራ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ድርቅ ሲነሣ አስቀድመን የምንመለከተው ሰማዩን ነው። ይሁን እንጂ ዝናቡ ተመልሶ ሳለ ምርቱ የማይመለስበት ማሳ አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ የናይትሮጂን ማነስ ነው።

ማሳም እንደ ግምጃ ቤት ገቢና ወጪ አለው። በአፈር ተመራማሪዎች ስሌት ገቢው አምስት ነው፤ ማዳበሪያ፣ ፍግ፣ ከዝናብና ከአቧራ ጋር የሚወርደው፣ እንደ ባቄላና ሽምብራ ያሉ ጥራጥሬዎች ከአየር የሚያስገቡት፣ ጎርፍ የሚያስቀምጠው ደለል። ወጪውም አምስት ነው፤ የታጨደው እህል፣ የተነሣው ገለባ፣ ከውሃ ጋር ወደ ታች የሚሰርገው፣ ወደ አየር የሚተነው፣ ከአፈር ጋር የሚታጠበው።

በዚሁ ስሌት ተሠርቶ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ እርሻ በዓመት በሔክታር በአማካይ 41 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ይጎድልበት እንደነበር ገምቷል። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚይዘው 46 ኪሎ ግራም ነው።

ኩበት ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱም አይመልሰውም። ስለዚህ ለሠፋሪው ዘርና በሬ ስንመድብ የማገዶ ዛፍን፣ እርከንንና የጥራጥሬ ፈረቃን አብረን ካልመደብን፣ ረሃቡን ለጥቂት ዓመታት አዘገየነው እንጂ አላራቅነውም።

እንግዲህ ወደ ማሳ ስትወርዱ ምን እንደተዘራና ገለባው የት እንደገባ ጠይቁ። ወደ ቤትም ግቡ። ምድጃው ምን እንደሚነድበት ሳይታይ የማሳው ሒሳብ አይዘጋም።