ባዶው የባሕር ጃርት

የባሕር ጃርት እሾሃማ እንስሳ ነው፤ ጃፓኖች በውስጡ የሚገኘውን ብጫ የዘር ዕጢ «ኡኒ» ብለው በውድ ዋጋ ገዝተው ይበሉታል። በሰሜን ካሊፎርኒያ ግን ጥፋት አመጣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የተነሣ በሽታ ጃርቱን የሚበላውን የባሕር ኮከብ ፈጀው፤ በ2014 ውሃው ሞቀ፤ ጃርቱም በዛ። ኬልፕ የሚባለው የባሕር ሣር ደን ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ጠፋ። ጃርቱ ራሱ ተርቦ ውስጡ ባዶ ቢሆንም፣ ለዓመታት ሳይሞት የሚበቅለውን ቡቃያ ይግጣል። ስለዚህ ጠላቂዎች እየለቀሙ ያወጡታል፤ አርቢዎችም በገንዳ ሁለት ሦስት ወር ቀልበው፣ ሲሞላ ይሸጡታል። ዳሩ ግን ቀለቡ ከተረፈው ደን የሚታጨድ ከሆነ፣ አንዱን ጉድጓድ ለመድፈን ሌላውን መቆፈር ነውና፣ የርባታው ትርፍ በገበያው ብቻ ሳይሆን በባሕሩም ሊመዘን ይገባል።