የትንቢት ፍሬ
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዛሬው ዘመን ስለ ትንቢት የሚነገረው ነገር እጅግ በዝቷል። በከተማ ነቢይ ነኝ የሚል ሰው በቴሌቪዥን ቆሞ የሰውን ስምና ምስጢር እየገለጠ ሕዝቡን ያስደንቃል፤ በገጠርም ጠንቋይና ኮከብ ቆጣሪ የሚመጣውን አውቃለሁ ይላል። ልጇ የታመመባት እናት አንዲቱን ላሟን ሸጣ ወደ እነዚህ ትሄዳለች፤ ስትመለስም ላሟ የለች፤ ልጇም አልዳነላትም። ስለዚህ ትንቢት ምን እንደ ሆነ፤ የመንፈስ ቅዱስም ስጦታ ስለ ምን እንደሚሰጥ አጥብቆ መመርመር ይገባል።

ትንቢት ወደ ፊት የሚሆነውን መንገር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሡ ወደ ዳዊት የገባው ዕጣውን ሊነግረው አይደለም፤ በኦርዮ ላይ ስለ ሠራው ግፍ ሊወቅሰው ነው እንጂ። አሞጽም ድኻን በጫማ ዋጋ ስለሚሸጡት ሰዎች ጮኸ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፤ በ14ኛው ምዕራፍ፤ የትንቢት ሥራ ማነጽና መምከር ማጽናናትም መሆኑን ያስረዳል። ከዚያም አስቀድሞ በ13ኛው ምዕራፍ ፍቅር የሌለበት ትንቢት ከንቱ መሆኑን ተናግሯል።

የሚመጣውን የተናገረ እውነተኛ ነቢይም ነበረ። በሐዋርያት ሥራ በ11ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፤ አጋቦስ ከኢየሩሳሌም ወደ አንጾኪያ ወርዶ ታላቅ ረኃብ እንደሚሆን በመንፈስ አመለከተ፤ ይህም በቄሣር በቀላውዴዎስ ዘመን ሆነ። የአንጾኪያ ምእመናንም በሰሙ ጊዜ እያንዳንዱ እንደ ችሎታው አዋጥቶ በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላከ። እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባው ይህ ነው፤ ገንዘቡ የሄደው ወደ ነቢዩ ከረጢት ሳይሆን ወደ ረኃብተኛው ማዕድ ነው። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የክርስቲያን መጽሐፍም በመንፈስ እናገራለሁ እያለ ለራሱ ገንዘብ የሚጠይቀውን ሰው ሐሰተኛ ነቢይ ይለዋል። በኢትዮጵያም በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላን በብርቱ ተቃውመዋል።

ደግሞም ትንቢት ሁሉ ሳይመረመር ይታመን ዘንድ ጳውሎስ አላዘዘም፤ ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ እንዲለዩ አዘዘ እንጂ። ይህ ነገር ለጐጃም ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ትምህርት ደቀ መዝሙሩ ሲያስብ ያደረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በማኅሌትም ቅኔው የሰመረ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ «ይበል» ይላሉ። ቅኔ ጸጋ ነው ተብሎ ከመታረም አያመልጥም። እንግዲያስ እኔን የሚመረምር መንፈስ ቅዱስን ተቃወመ የሚል ነቢይ ከቅኔ ተማሪ ያነሰ ትሕትና አለው።

ስለ ልሳንም እንደዚሁ ነው። በበዓለ ሃምሳ ከየአገሩ የተሰበሰቡት ሰዎች እያንዳንዳቸው የእግዚአብሔርን ሥራ በየቋንቋቸው ሰሙ። በእንጅባራና በዳንግላ አገርም ቅዳሴው በግዕዝ ይደርሳል፤ ስብከቱም ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይሰጣል። የአዊን ሕዝብ ቋንቋ አውንጊን ብቻ የምታውቅ ባልቴት ግን ከቅዳሴ በኋላ የዕለቱን ወንጌል በቋንቋዋ የሚያስረዳት ካላገኘች እንደ ተራበች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ የጐደለው መጽሐፍ አልነበረም፤ የሚተረጕምለት ሰው ነበር እንጂ፤ ፊልጶስም ወጥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ስለዚህ ወንጌልን በአውንጊ የሚያስረዳ ካህን ማንም ባያደንቀው የበዓለ ሃምሳን ሥራ ይሠራል።

ኢዮቤልዩ በሙሴ ሕግ በ50ኛው ዓመት ባሪያው ነጻ የሚወጣበት፤ ርስቱም ለባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። ይህን በዓል የሚያከብር ደብር ስጦታው ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ወደ ሩቅ አይመልከት። ባለ ደሞችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ፤ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቈጥር መሪጌታ፤ በሽተኛን በሌሊት የምትጠብቅ ሴት፤ እነዚህ ሁሉ ጸጋ ተሰጥቷቸዋል። ልጇ የታመመባት እናት ላሟን ሳትሸጥ ወደ ሐኪም የሚያደርሳትና አብሯት የሚጸልይ ምእመን ካገኘች፤ በዚያ ደብር መንፈስ ቅዱስ ዛሬም ይናገራል።

ለእርሱ ከአብና ከወልድ ጋር ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።