የመጋረጃው ቀሚስና መዳፉ



ዛሬ ላነሣላችሁ ያሰብሁት የአንድ የአሜሪካ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነገር ነው። ነገሩ የባዕድ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ አማርኛ የተመለሰው ከፒያሳ እምብዛም በማይርቀው በማዕከላዊ እስር ቤት ውስጥ ነውና። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። በደርግ ዘመን ግን ገጣሚውና ጋዜጠኛው አቶ ነቢይ መኰንን በዚያ ታስረው ሳሉ፥ ማርጋሬት ሚችል የተባሉትን ደራሲ ሰፊ ድርሰት 3,000 በሚያህሉ የሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ተረጐሙት። ጽሑፉም በስውር ከእስር ቤት ወጥቶ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ስም ታተመ።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ነው፤ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ መሆኑ ነው። (አራዳችን ፒያሳ የሚለውን የጣሊያን ስም ያተረፈውም በዚያው በወረራ ዘመን ነበር።) ታሪኩ ግን በ1861 እ.ኤ.አ. ስለ ተነሣው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ይናገራል።

በልብ ወለድ ውስጥ ስለሚገኙ ምሳሌያዊ ነገሮች ስንማር፥ ቀይ አፈር ማለት ርስት ነው፥ አረንጓዴ ልብስ ማለት ተስፋ ነው እያልን እንደ መዝገበ ቃላት የመደርደር ልማድ አለን። እኔ ይህን አልወደውም። አንድ ዕቃ ምሳሌ የሚሆነው ባለታሪኩ በጨነቀው ሰዓት በሚያደርግበት ነገር ነው።

እንደሚከተለው ልግለጸው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ፥ ስካርሌት ኦሐራ «ታራ» ለተባለው ርስት የ300 ዶላር ግብር ይወድቅባታል። በተራቈተው ቤት የቀረው ጌጥ የእናቷ አረንጓዴ የከፋይ መጋረጃ ብቻ ነው። ይህን አውርዳ ቀሚስ ታሰፋዋለች፤ ያንን ለብሳም ባለጠጋውን ሬት በትለርን በፍቅር አታልላ ገንዘቡን ለመቀበል ወደ አትላንታ ትሄዳለች። ሬት በዚያ ጊዜ እስረኛ ነው። በእኛ አገር ወደ እስር ቤት የሚሄድ ጠያቂ ስንቅ ቋጥሮ ይሄዳል፤ ይህች ጠያቂ ግን ከእስረኛው ለመውሰድ ነው የመጣችው። ቀሚሱም ሥራውን ሊፈጽም ጥቂት ሲቀረው ሰውዬው እጇን ይይዛል፥ መዳፏንም ገልብጦ ያያል። ጥጥ በመልቀም የሻከረና የቈሰለ መዳፍ ነው! ተንኰሉ እዚያው ላይ ፈረሰ።

ደራሲዋ በዚህ ስፍራ የስካርሌትን ጠባይ ለመዘርዘር አልደከሙም። መጋረጃው ልትመስል የፈለገችውን፥ መዳፉ የሆነችውን ይናገራል። የሚገርመው ደግሞ፥ ከሰውነቷ ሁሉ የሚያስከብራት ያ መዳፍ ሆኖ ሳለ እሷ የምታፍርበት እርሱን መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን ያለ ነቀፋ ማለፍ አይገባም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቻችን «መሬት ለአራሹ» ብለው በአደባባይ ጮኸዋል። በዚያ ጩኸት ያደገ አንባቢ ታራ የማን ናት ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የስካርሌት አባት መሬቱን ያገኙት በካርታ ጨዋታ ነው፤ ያለሙት ግን በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። ስለ እነዚህ ሰዎች መጽሐፉ ብዙ ይናገራል፥ ልባቸውን ግን አይገልጥም። ማሚ የተባለችውን ሞግዚት እንመልከት። ለጌቶቿ ታለቅሳለች፥ ትቈጣለች፥ ትደክማለች። ለራሷ የምትመኘው ምን እንደ ሆነ አይነገረንም፤ «ማሚ» ከሚለው መጠሪያ በቀር የራሷ ስም እንኳ አልተጻፈም። የእመቤቲቱን መዳፍ እንዲያ ገልብጦ ያሳየን ብርዕ የሞግዚቲቱን መዳፍ በዚያ ዓይን አላየውም። ይህ የጥበብ ማነስ አይመስለኝም፤ ደራሲዋ ያደጉበት ማኅበረሰብ ማንን ማየት እንደ ለመደ የሚያሳይ ነው።

መጽሐፉ በቤታችሁ የሚገኝ አድማጮች ያንን የአትላንታ ጉዞ መልሳችሁ ብታነቡት፥ ማሚ ቀሚሱን በመስፋት ስትደክም፥ ኋላም ስካርሌትን አጅባ አብራት ስትሄድ ታገኟታላችሁ።