የአሥራ አራተኛው መጽሐፍ ነገር

በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ከሕክምና ውጪ ስላለው ሕይወትሽ ትንሽ አጫውቺን» ሲለኝ፣ የመጀመሪያ መልሴ «የቱ ሕይወት?» የሚል ነበር። ከመካከላችን ተራራ የወጣ አለ፣ የቡና እርሻ የጀመረ አለ፣ ግጥም ያሳተመም አለ። እኔ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ከልጆቼ ጋር አንብቤ ጨርሻለሁ። ስድስት ዓመት ፈጀብን። እዚህ ግቢ ሐኪም ለመሆን ከፈጀብኝ ጊዜ ብዙም አያንስም። ስለዚህ ስለዚያ መጽሐፍ ላውራ፤ መጨረሻ ላይ ወደ ሙያችን መምጣቴ አይቀርም፣ ሐኪም ምን ጊዜም ሐኪም ነው።

መጽሐፉ «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» ይባላል፤ «የጊዜ መንኮራኩር» ብንለው ያስኬዳል። ደራሲው ሮበርት ጆርዳን በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ የአሜሪካ ሰው ነው፣ የቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና ልጅ። ዘውጉ ፋንታሲ የሚባለው ነው፤ የሌለ ዓለም፣ የሌለ ኃይል፣ ግን የምናውቀው ዓይነት ሰው። የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ። ስድስት መጽሐፍ ይሆናል ተብሎ ተጀምሮ አሥራ አራት ሆነ፤ ከታሪኩ በፊት የሆነውን የሚተርክ አንድ ተጨማሪ ቅጽም አለው። በጠቅላላው ከ4 ሚሊዮን በላይ ቃላት ነው። የመጨረሻው ቅጽ ብቻ በጠንካራ ሽፋኑ 909 ገጽ ነው። ሃሪሰንን ይዞ ያደረ ሰው ግን በዚህ አይደነግጥም።

የመጀመሪያውን ቅጽ በ2011 ዓ.ም. ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዛሁት። የቀሩት አንድ በአንድ በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ መጡ። በርበሬና ሽሮ ይሄዳል፣ መጽሐፍ ይመጣል። ታላቋ ልጄ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር፣ ታናሽ ወንድሟ ስድስት። ማታ ማታ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ ታዳምጣለች፣ እሱ እግራችን ሥር ይተኛል። ደህና በሆንኩበት ማታ ሃያ ገጽ እንሄዳለን። ከዲዩቲ በወጣሁበት ማታ ደግሞ ሦስት ገጽ፤ ከዚያ መጽሐፉ ፊቴ ላይ ይወድቃል፣ ልጄ አንስታ ምልክት ታደርግበታለች።

እናቴ እኛ ጋ ነበር የምትኖረው። ልጆቼ እምዬ ይሏታል። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን ቡናዋን ይዛ አጠገባችን ትቀመጥና «ምን አለ? ከዚያስ?» ትላለች። ስለዚህ ልጄ መተርጎም ጀመረች። ናይኒቭ የምትባል የመንደር ሐኪም አለች፣ በዕድሜ በጣም ወጣት፣ ሽማግሌዎቹ «ይቺ ልጅ ምን ታውቃለች» የሚሏት። እናቴ «አዋቂዋ» የሚል ስም አወጣችላትና ከሁሉ አስበልጣ ወደደቻት። የክፉውን መንፈስ ስም ልጄ ስትጠራ ደግሞ «ተይ፣ በማታ ስሙን አትጥሪ» አለቻት። የሚገርመው፣ መጽሐፉ ውስጥም ያሉት ሰዎች ልክ እንዲሁ ነው የሚሉት፤ ስሙን መጥራት እሱን መጋበዝ ነው ብለው ይፈራሉ። እናቴ መጽሐፉን ከእኛ ቀድማ ገብታበታለች።

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ሲነገር አራተኛው ቅጽ መሀል ላይ ነበርን። ከዚያ በኋላ የነበረውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ውስጡ ነበራችሁ። ከቤት ርቄ የማድርባቸው ሳምንታት መጡ። ማታ እደውላለሁ፤ ድምፄ ስለሚደክም ልጄ መጽሐፉን ይዛ በስልክ ታነብልኛለች። አንባቢዋ እሷ፣ አድማጯ እኔ ሆንን። ወደ ቤት ከተመለስኩ በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለስንም። መጽሐፉን አልመለሰችልኝማ!

አሥራ ሁለተኛው ቅጽ ሲመጣ ልጄ ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አየች። «እማ፣ ለምን ሁለት ሆኑ?» አለችኝ። እኔም ነገርኳት።

ሮበርት ጆርዳን የታመመው በአሚሎይዶሲስ ነው። ለመምህሮቼ ይህን ማብራራት ድፍረት ነው፤ አብረውን ለመጡት ቤተሰቦች ግን በአጭሩ ልናገር። ቅርጹን የሳተ ፕሮቲን የልብ ጡንቻ ውስጥ እየተከማቸ ግድግዳውን ያወፍረዋል፣ ያደነድነዋል። ኢኮ ላይ ልቡ ወፍራም ሆኖ ይታያል፤ ኢሲጂው ላይ ግን ቮልቴጁ አነስተኛ ይሆናል። ይህን አለመጣጣም እዚህ ግቢ፣ በራውንድ ላይ፣ ከአንድ ታማሚ አልጋ አጠገብ ቆመን ነው የተማርነው። «ሁለቱ ካልተስማሙ አትለፉ፣ ቁሙ» የተባልነውን እኔ እስከ ዛሬ እቆማለሁ።

ጆርዳን ሕመሙን እ.ኤ.አ. በማርች 2006 ለአንባቢዎቹ ራሱ በግልጽ ጻፈ። በሕክምና የሚጠበቀው ዕድሜ በአማካይ አራት ዓመት ገደማ መሆኑንም አልደበቀም፤ እሱ ግን ከዚያ አልፎ ብዙ ሊጽፍ እንደሚያስብ ነበር የተናገረው። ማዮ ክሊኒክ ሄዶ ኬሞ ጀመረ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 2007 አረፈ። ዕድሜው 58 ነበር። የመጨረሻው መጽሐፍ አላለቀም።

አሁን ልብ በሉልኝ፣ የእኔ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው ታሪኩን ለአሥራ ምናምን ዓመት በጭንቅላቱ ይዞት የኖረ ነው። ሲታመም ግን ያን ሁሉ ማውጣት ጀመረ። ማስታወሻ ጻፈ፣ እያወራ አስቀረጸ፣ አልጋው አጠገብ ለተቀመጡት ቤተሰቦቹ ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ በቃል ተረከላቸው። የመጨረሻውን ትዕይንት በራሱ እጅ ጽፎ ነው የሄደው። ያልተጻፈው መሀሉ ነው፤ መድረሻው ግን ታውቋል።

ባለቤቱ ሃሪየት ማክዱጋል የመጽሐፎቹ አርታኢም ነበረች። ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል ወጣት ደራሲ ለጆርዳን የጻፈውን የሐዘን ጽሑፍ አነበበች፤ ከዚያ የእሱን ልብ ወለድ አነበበች፤ ሥራውንም ሰጠችው። ሳንደርሰን ተከታታዩን ገና በጉርምስናው ማንበብ የጀመረ ሰው ነው። አንድ ቅጽ ይበቃል የተባለው ሦስት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ2010 እና በ2013 ወጡ። ሳንደርሰን የጆርዳንን ድምፅ እንደማያስመስል ከመጀመሪያው ተናግሯል። እውነትም አይመሳሰልም። ማት የሚባል ቀልደኛ ገጸ ባሕርይ አለ፤ ልጄ ጥቂት እንዳነበበች «እማ፣ ማት ቀልዱ ሌላ ሆነ» አለች። ብዙ አንባቢ ያለውን ነው ያለችው፤ እሷ ግን ማንም ሳይነግራት ነው የደረሰችበት።

የእናቴ ልብ ደግሞ በዚያው ዘመን እየደከመ ሄደ። የእሷ አሚሎይዶሲስ አልነበረም፤ የብዙ ዓመት ደም ግፊት ነው፣ ሁላችንም በየቀኑ የምናየው ዓይነት። መድኃኒቱን ሁሉ ወሰደች፣ እግሯ ያብጣል፣ ይጎድላል፣ ደግሞ ያብጣል። ሐኪም ልጅ ያላት እናት ስትታመም ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ቁጥሩን ታነባለህ፣ ቁጥሩ የሚለውንም ታውቃለህ።

በ2015 አንድ ማታ፣ አሥራ ሦስተኛው ቅጽ ላይ እያለን፣ እናቴ ልጄን «መጨረሻውን አሁን ንገሪኝ» አለቻት። ልጄ «እምዬ፣ እኔም አልደረስኩበት» አለች። «አውቃለሁ። ንገሪኝ» አለቻት እናቴ። ማጠቃለያውን ልፈልግላት ስልኬን ሳነሳ ልጄ በዓይኗ ከለከለችኝ። ከዚያ መተረክ ጀመረች፤ አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። ያላነበበችውን መጽሐፍ ከመሀሉ አንስታ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። በእሷ ታሪክ ራንድ፣ ዋናው ሰው፣ ዓለምን ካዳነ በኋላ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ያሳደገው አባቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ በጎቹም አሉ። አዋቂዋም አርጅታ፣ ተከብራ ትኖራለች። እናቴ በጥሞና ሰማች። «ደግ ነው። አባቱ ካገኘውስ ደግ ነው» አለችና ተኛች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አረፈች።

አሥራ አራተኛው ቅጽ በሻንጣ መጥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ልጄ አልነካችውም። እኔም «እንቀጥል» አላልኳትም። ከዓመት በላይ እንደዚያው ቆየ፤ ቤት ሲጸዳ ይወለወላል፣ ቦታው ይመለሳል። እሷ አደገች፣ በሯን መዝጋት ጀመረች፣ ጓደኞቿ በዙ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያላችሁ ትረዱኛላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔ መጽሐፉን የምፈልገው ለታሪኩ አልነበረም። አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ የሚያስቀምጠን ሌላ ነገር እየጠፋ ስለነበር ነው። እሷም የማትከፍተው ለዚያው ይመስለኛል፤ ካለቀ፣ አለቀ ማለት ነው።

ነገሩን የፈታው የማይጠበቀው ሰው ነው። ታናሽዬው፣ እግራችን ሥር ይተኛል ያልኳችሁ፣ አሥራ ሁለት ሲሞላው መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደና «እኔ ግን መጨረሻውን አልሰማሁም» አለ። ለካ አይተኛም ነበር! አምስት ዓመት ሙሉ ሲሰማ ነበር የኖረው። እንግሊዝኛው ገና ነው፣ እየተደነቃቀፈ ማንበብ ጀመረ። እህቱ ከክፍሏ ሆና ሰማችው፤ አነባበቡ አላስችል አላትና ልታርመው ወጣች። በዚያው ተቀመጠች።

መጨረሻውን አልነግራችሁም፣ ያልጨረሰ ይኖራል። አንድ ነገር ብቻ፣ ለሐኪሞች። ናይኒቭ በተከታታዩ ውስጥ አይድንም የተባለውን የምታድን፣ ታላቅ ኃይል ያላት ፈዋሽ ሆናለች። በመጨረሻው ቀን ግን ያ ኃይሏ ለሌላ ሥራ ተይዞባታል፤ ፊቷ የተወጋች ሴት ወድቃለች። ያኔ ከመንደሯ ይዛ የወጣችውን የመድኃኒት ቅጠል ከከረጢቷ ታወጣለች። በመጀመሪያው መጽሐፍ የነበራትን እውቀት ማለት ነው። ልጄ ይህን ስታነብ ቀና ብላ አየችኝ። ገጠር ሆስፒታል መብራት ጠፍቶ፣ ላብ ተዘግቶ፣ በእጅና በስቴቶስኮፕ ብቻ ያደራችሁ ሁሉ ያን ክፍል ብታነቡት የራሳችሁ ነው።

በ2017 አንድ እሁድ ጨረስነው። የመጨረሻውን ገጽ ልጄ አነበበች፣ መጽሐፉን ዘጋች፣ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «የእኔው ይሻላል» አለች። ወንድሟም በጉዳዩ ይከራከራት ጀመር። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ወደ እኛ ልመለስ። እኛ በየጠዋቱ ርክክብ የምናደርግ ሰዎች ነን። ማታ የገባውን ታማሚ ጠዋት ለሚገባው እናስረክባለን፤ ምን እንደጀመርን፣ ምን እንደቀረ፣ ምን እንደምንፈራ እንናገራለን። ለአንድ ሌሊት ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የሠላሳና የአርባ ዓመት ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ሳናስረክብ እንሄዳለን። ከዚህ አዳራሽ ፊት ለፊት የተቀመጡት መምህሮቻችን በጭንቅላታቸው የያዙት ታማሚ፣ የያዙት ልምድ በየትኛው መጽሐፍ አለ?

ለማስረከብ ሥራው ማለቅ የለበትም። ጆርዳን ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዳራቱሙማብ የተባለውን መድኃኒት ለእሱ ዓይነት አሚሎይዶሲስ ፈቅዷል። ለእሱ አልደረሰም። ያንን ጥናት ግን የጀመሩት ሁሉ ፍጻሜውን አይተው አይመስለኝም። ማስታወሻ ትተው ነው።

ስለዚህ ሁለት ልመና አለኝ። አንደኛው ለመምህሮቻችን ነው፦ እባካችሁ ጻፉልን፤ ጊዜ ከሌላችሁ ተናገሩ፣ ሬዚደንቱ ይቅረጽ። ያልገባችሁንም፣ የከረመባችሁንም ጥያቄ ጨምሩበት፤ መሀሉ ባዶ ቢሆን ግድ የለም። ሁለተኛው እኔን ጨምሮ ለእኛ ነው፦ ተረካቢዎቻችን በእኛ ድምፅ እንዲናገሩ አንጠብቅ። ቀልዱ ሌላ ይሆናል። ልጆቻችንም እንደዚሁ ናቸው። የእናቴን የመጨረሻ ታሪክ የተረከችላት እኔ አይደለሁም፣ ያላነበበችውን የተረከችው ልጄ ናት፤ እናቴም ያ በቃት።

ለሚቀጥለው መገናኛ በዓል እያንዳንዳችን ከአንድ መምህር ጋር ተቀምጠን የጻፍነውን አንድ ታሪክ ይዘን ብንመጣ ማኅበራችን ጥሩ መጽሐፍ ይወጣዋል። አሥራ አራት ቅጽ ባይሆንም።