ስለ ቈላው ዘማሪ ወፍ የተደረገ ንግግር



መተማ በተባለ ጊዜ የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው አፄ ዮሐንስ ፬ኛ በ1881 ዓመተ ምሕረት ወደ ቈሰሉበት የጦር ሜዳ ነው፤ ቀጥሎም ወደ ድንበሩ ገበያና ወደ ሰሊጡ እርሻ ነው። በጓንግና በሽንፋ ወንዝ ዳር ማለዳ የሚሰማውን ዜማ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግር ስለዚሁ ዜማ ባለቤት ነው።

ይህ ወፍ በሊቃውንት ዘንድ ቱርዱስ ፔሊዮስ ይባላል። ስሙን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1850 ዓመት የሰጠው የናፖሊዮን የወንድም ልጅ ሻርል ሉሲየን ቦናፓርት ነው። አገሩም ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ምዕራባዊ ቈላ ድረስ ይደርሳል።

ርዝመቱ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጀርባው አመድማ ቡናማ፤ ጕረሮው ነጣ ብሎ በቡናማ ጭረት የተሰነተረ፤ ሆዱ ነጭ፤ ጐንና ጐኑ ብርቱካን ቀለም የነካው፤ መንቈሩ ቢጫ ነው። ከጎንደር ደጋ የመጣ መምህር በቤተ ክርስቲያን ደን የሚያውቀውን ወፍ እዚህ ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን የደጋው ወፍ ዘመዱ ነው እንጂ እርሱ አይደለም፤ የዚያኛው መልክ ጠቈር ይላል፤ ሆዱም እንደዚህኛው ነጭ ሳይሆን ደማቅ ብርቱካን ነው።

በበጋ የዕጣኑ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ዱሩ ራቍቱን በቀረ ጊዜ፤ ይህ ወፍ ጥላ ከማይለየው የወንዝ ዳር ዛፍ አይርቅም። ከመሬት ወርዶ የረገፈውን ቅጠል በመንቈሩ እየገለበጠ ትልና ነፍሳት ይለቅማል፤ የሾላ ፍሬም ይበላል። የበላውንም ዘር ከዛፉ ርቆ ስለሚጥለው፤ ሰው ያልተከለው ሾላ በየወንዙ ዳር መብቀሉ በከፊል የእርሱና የመሰሎቹ ሥራ ነው።

ዜማው እንዲህ ነው፤ አንዱን ሐረግ ጥርት ባለ ፉጨት ሁለት ጊዜ ወይም ሦስት ጊዜ ይለዋል፤ ጥቂት ያርፍና ሌላ ሐረግ ይጀምራል፤ እርሱንም እንደዚያው ይደግማል። የቄስ ተማሪ ትምህርቱን እየደጋገመ ወደሚቀጥለው እንደሚያልፍ ማለት ነው። ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚዘምር ድምፁን የሰማ ሁሉ መልኩን አያይም።

ዛሬ ግን ለሰሊጥና ለጥጥ እርሻ ዱሩ ሲመነጠር፤ ከሰልም ሲከሰል፤ እሳትም በየበጋው ሲለቀቅ የወንዙ ዳር ዛፍ አብሮ ይሄዳል። በቋራ በኩል በ1998 ዓመተ ምሕረት የተከለለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ይዟል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ከክልሉ ውጭ በየመንደሩ ወንዝ ዳር ያለውን ዛፍ የሚጠብቀው የመንደሩ ሽማግሌ እንጂ ፓርኩ አይደለም። እርሻው ከወንዙ አፋፍ ጥቂት ርቆ ቢጀመር ገበሬው የሚያጣው ጥቂት ትልም ነው፤ አፋፉም በክረምት ጎርፍ አይናድበትም።

መምህሩ ልጆቹን በሰኔ መግቢያ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ወንዙ ቢያወጣቸው፤ ወንጭፋቸውን ከቤት አስቀምጠው፤ ከዛፉ ራቅ ብለው ይቀመጡ። እያንዳንዱ ሐረግ ስንት ጊዜ እንደ ተደገመ በጠጠር ይቍጠሩ። ፀሐይ ከፍ ሲል ዜማው ይቀንሳል፤ ወፉም ከቅጠሉ ሥር ወርዶ ምግቡን መፈለግ ይጀምራል፤ መልኩን ለማየት የሚመቸው ያን ጊዜ ነው።