በር ይከፈትልን እንጂ በሌላው ላይ አይዘጋልን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የሒሳብ ሪፖርት አላቀርብም። ባለፈው ስብሰባ የተነሳው ሐሳብ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው የቆምኩት። በጀበና ቡና የሚተዳደሩና ቡና ቆልተው ፈጭተው የሚሸጡ አባሎቻችን «ጥሬ ቡና አልቀመስ ብሏል። መንግሥት ዋጋ ይቁረጥልን፤ ከሌላ ቦታ የሚመጡ ገዢዎችም ይታገዱልን፤ ማመልከቻ እንጻፍ» ብለዋል።

ችግሩ እውነት ነው። መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የማን ብድር ለምን እንደዘገየ አውቃለሁ። የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላኪው ቡናውን የሚሸጠው በዶላር ነውና የእኛም ጥሬ ቡና አብሮ ወጣ።

ነገር ግን ዘወር ብላችሁ ጎረቤታችሁን እዩ። ከመካከላችን የጓሮ ቡና ለቅማ ልጆቿን የምታስተምር አለች። ለጀበናዋ ባለቤት የሚረክሰው ዋጋ ከዚህችው እህታችን መቀነት የሚወጣ ነው። ከሩቅ የመጣው ገዢ ሲታገድ ደግሞ የምትሸጥለት አንድ ሰው ብቻ ይቀርና በሰጣት ዋጋ ትሸጣለች።

ይህን አገራችን ሞክራዋለች። በደርግ ዘመን ገበሬው እህሉን በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክብ ነበር። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው። እናቴ በዚያ ዘመን ለዘመዶቿ የያዘችውን ጥቂት ቡና ኬላ ላይ ተቀምታ ባዶ ከረጢት ይዛ ተመልሳለች። እስካሁን ስታወራው ድምጿ ይለወጣል። ያ ኬላም ሲቆም «ለሕዝብ ጥቅም» ተብሎ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ዋጋው በግልጽ መታየቱና ክፍያው በቶሎ መፈጸሙ ጠቅሟል። ሆኖም ቡናው በደረጃ ተደባልቆ ስለሚሸጥ፣ ቀይ ቀዩን መርጣ የለቀመችው ሴት ድካም ገዢው ዘንድ አይደርስም ነበር። በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1051 ከወጣ በኋላ ከምርት ገበያው ውጭም በቀጥታ መገበያያ መንገድ እየተከፈተ መጣ። ገበሬዋን የጠቀማት አማራጭ ማግኘቷ ነው።

«ታዲያ ድሃ ብቻዋን ትቅር?» ትሉኛላችሁ። አልልም። ሚዛን የሚሰርቅን፣ ተቀብሎ የሚክድን ሕግ ይያዘው፤ ለዚህ መንግሥት ያስፈልገናል። ከዚያ ውጭ ግን ዕቁባችንና ዕድራችን ያለ ማንም ትእዛዝ ቆመዋል። የገባችው ወዳ ነው፤ ያልተስማማት ትወጣለች። አደራ የማይበላውም ስለምንተዋወቅ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከቁጠባችን ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ድርሻ አዋጥተው፣ ምርት በሚበዛበት ወቅት ፈቃድ ካለው ነጋዴ በጅምላ ይግዙ። ያልፈለገች አትገደድ፤ ኪሳራውም ትርፉም የገቡት ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ማመልከቻው ይጻፍ፤ ጥያቄው ግን ይለወጥ። ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ሲከለክል ቆይቷል። እኛ የቡናው አገር ልጆች ምርጡን ለቅመን ተራፊውን ገዝተን እንቆላለን። የእናንተው የጓሮ ቡና በአማን ገበያ ለእህታችሁ በፈቃዳችሁ ቢሸጥ የሚጎዳው ማን ነው? ይህ ይፈቀድልን እንበል። ምንዛሪ ለአገር እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ግን ላኪው የተሻለ ከከፈለ ቡናው ያለ ክልከላም ወደ እሱ ይሄዳል።

ለጋሾቻችንም፣ በሌላው ነጋዴ ላይ እንድታስወስኑልን አንለምናችሁም። የመጋዘን ኪራይና ትክክለኛ ሚዛን ብትረዱን ይበቃናል።

እህቶቼ፣ ዛሬ ለእኛ ተብሎ የሚቆም ኬላ ነገ እኛንም ይፈትሻል። ድምፅ ስትሰጡ የእናቴን ባዶ ከረጢት አስቡልኝ።